ጅቡም በሁዳዴ ምግብ ይቀይራል

ሥራዬ ላቦራቶሪ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ሰገራ ሳይ ነው የምውለው፤ ጃርዲያ፣ አሜባ፣ የወስፋት እንቁላል። ስለዚህ እዚህ የካ አባዶ፣ ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ላይ ኖራ የመሰለ ነጭ ነገር ሳይ እንደ ጎረቤቶቼ አፍንጫዬን ይዤ አላልፍም። ጎንበስ ብዬ ነው የማየው። የጅብ ሰገራ ነው።

የሚነጣው ከአጥንት ነው። ጅብ ሥጋውን ግጦ አጥንቱን የሚተው እንስሳ አይደለም። ይሰብረዋል፣ ይውጠዋል፣ የጨጓራው አሲድ ደግሞ የቀረውን ይጨርሰዋል። ከአጥንቱ የተረፈው ካልሲየም ነው ሲደርቅ የሚነጣው። አያ ጅቦን የሚያሸንፉት ፀጉር፣ ሰኮናና ቀንድ ናቸው። አብዛኛውን ያስመልሰዋል፣ ፀጉሩ ግን ከሰገራውም ጋር ይወጣል። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ያሉት ሰዎች ጨጓራውን ከፍተው ያዩ ነው የሚመስሉት። አጥንት ነክሶ ቢሆን ማን ችኩል ይለው ነበር?

ዛሬ ላወራላችሁ የፈለግኩት ስለዚህ ፀጉር ነው።

የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ እንደ ፈረንጆቹ በ2012 ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። ትግራይ ውስጥ የጅብ ሰገራ ሰበሰቡ። መጀመሪያ ከሁዳዴ በፊት፣ ቀጥሎ በጾሙ ውስጥ፣ በመጨረሻ ከፋሲካ በኋላ። ከሰገራው ፀጉሩን እየለዩ የየትኛው እንስሳ እንደሆነ በማይክሮስኮፕ አዩ። የፀጉር ላይኛው ሽፋን ጥቃቅን ቅርፊቶች የተደራረቡበት ነው፤ አደራደራቸው ከእንስሳ እንስሳ ይለያያል። የበጉ ሌላ፣ የላሙ ሌላ፣ የአህያው ሌላ። ለእኔ ዓይነቷ ይሄ ከፊልም ይበልጣል። አንድ ስላይድ ላይ ዓይኔን ተክዬ የማይታወቅ ነገር ስፈልግ ያመሸሁባቸው ቀናት ስላሉ፣ እነዚያ ሰዎች ምን ያህል እንደለፉ ይገባኛል።

ውጤቱን ልንገራችሁ። የአህያ ፀጉር የተገኘበት ሰገራ ከጾሙ በፊት ከመቶ 14.8 ነበር። በጾሙ ጊዜ 33.1 ገባ። ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 ወረደ።

ምክንያቱ እኛ ነን። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ በየቤቱ በግ የሚያርድ አይኖርም፣ አጥንትና አንጀት የሚጣልበት ቦታ ይራቆታል። 55 ቀን ሙሉ። ጅቡ ደግሞ አይጾምም። የለመደው ትርፍራፊ ሲቀርበት ወደ አህያ ይዞራል። ቄስ ያላናገረው አውሬ በባሕረ ሐሳብ ሲተዳደር አስቡት!

ይህን ለዘበኛችን ለጋሼ ነገርኳቸው። ከሰሜን ሸዋ ናቸው፣ ሌሊቱን ከብሎካችን በር ላይ ፎጣቸውን ተከናንበው ነው የሚያነጉት።

«ይሄን ለማወቅ ነው ዩኒቨርሲቲ የገቡት?» አሉኝ። «ልጄ፣ እኛ አገር በሁዳዴ አህያ ውጭ አያድርም።»

እሺ፣ ጋሼ ያውቃሉ። ግን 33.1 አላሉኝም።

እኔም በተራዬ ያልጠበቁትን ነገርኳቸው። ከወንዙ ወጥቶ የቆሻሻ ገንዳውን የሚያተራምሰውን ትልቁን ጅብ «አውራው» ነው የሚሉት። አውራው ሴት ሳትሆን አትቀርም አልኳቸው። በነጠብጣባሙ ጅብ ዘንድ ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፤ መንጋውን የምትመራውም እሷ ናት። ሴት ልጅ ከእናቷ ማዕረግ ሥር ትገባለች። ወንዱ ሲጎረምስ አብዛኛውን ጊዜ የተወለደበትን መንጋ ትቶ ይሄድና ሌላ መንጋ ውስጥ ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል። ደግሞ በሩቅ አይቶ ጾታዋን መለየት ቀላል አይደለም፤ የሴቷ ብልት ከውጭ ሲታይ ልክ የወንዱን ይመስላል። የምትወልደውም በዚያው በኩል ነው።

«በስመ አብ!» አሉ ጋሼ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ይሄንን ለሌላው ዘበኛ እንዳትነግሪው» አሉኝ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

በግቢያችን ስብሰባ ላይ መርዝ ይደረግ የሚል ሐሳብ ይነሳል። ሰው ቢፈራ አልፈርድም፤ ውጭ ለሚያድር ሰው ጅብ ቀልድ አይደለም፣ እኔም ሌሊት ብቻዬን አልወርድም። መርዝ ግን ቀድሞ የሚጨርሰው ውሾቹን ነው። ደግሞ ሒሳቡንም እንይ። መቀሌ ላይ ተሠርቶ እንደ ፈረንጆቹ በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት የከተማዋ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሞተ እንስሳ ሥጋና አጥንት እንደሚያጸዱ አስልቷል። ያ ሁሉ ሜዳ ላይ ቢቀር ኖሮ በአባ ሰንጋና በከብት ቲቢ በዓመት 5 ሰዎችና 140 ከብት፣ በግና ፍየል ይያዙ ነበር ይላል። በገንዘብ ሲመነዘር 52,165 ዶላር ነው። ደሞዝ የማይጠይቅ፣ ሌሊት ብቻ የሚገባ ጽዳት ሠራተኛ። የእኛ ሰፈር ገንዳ ለቀናት ሳይነሳ ሲቀር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከጅቡ በቀር የሚደርስልን የለም።

አሁን አእምሮዬን የያዘው የእኛው ጅብ ነው። የአዲስ አበባ ዳር ጅብ እንደ ትግራዩ በሁዳዴ ወደ አህያ ይዞራል? እንደ እኔ ግምት ያን ያህል አይዞርም። እዚህ የሙስሊም ሥጋ ቤት ጾሙን ሙሉ ክፍት ነው። በየአቅጣጫው ዶሮ እርባታ አለ፣ የሞተ ዶሮ በጆንያ ይጣላል። እንዲያውም ፀጉር ሲፈለግ ላባ ይበዛል ባይ ነኝ። በሌላ በኩል ደግሞ አሸዋና ሲሚንቶ ሲያመላልስ ኖሮ ሲደክም አስፋልት ዳር የሚለቀቅ አህያ ሞልቷል። እሱን ለመብላት ጾም መጠበቅ አያስፈልግም፤ ዓመቱን ሙሉ አለ። ስለዚህ በእኛ ሰፈር የአህያው ቁጥር ከጾሙ በፊትም ከፍ ብሎ የሚጀምር ይመስለኛል።

ግምት ሆኖ እንዲቀር ግን አልፈልግም። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ጓንት፣ ከረጢት፣ ቀኑ የሚጻፍበት ወረቀት፣ ማጠቢያ ወንፊት፣ አልኮል፣ ማይክሮስኮፕ። መጀመሪያ ግን ከሚታወቁ እንስሳት ፀጉር ነቅሎ ማነጻጸሪያ ማዘጋጀት አለ፤ የበጉን ከፋሲካ ገበያ፣ የአህያውን ከአሸዋ አመላላሾቹ አገኛለሁ። ማየቱን ለእኔ ተዉት። መሰብሰቡ ነው የከበደኝ፣ ትኩሱን ማለዳ ላይ የሚያገኘው ሌሊቱን ውጭ ያነጋ ሰው ነውና።

ጋሼን ጠየቅኳቸው። ፎጣቸውን አስተካከሉና «በፍሬ ስንት ታስቢያለሽ?» አሉኝ።