ውሾቻችንና ቀይ ቀበሮ

ሰሞኑን ቀይ ቀበሮ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። እኔ የሀረር ጀጎል ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት ከጅብ ጋር ነው። ግንቡ ላይ ጅብ የሚሾልክበት ቀዳዳ አለ። በአሹራ በዓል ሌሊት ቅቤ የጠጣ ገንፎ ይቀርብለታል። ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ስሙ እየተጠራ ሥጋ ይጎርሳል። በእንዲህ ዓይነት ከተማ ላደገ ሰው፣ አውሬ ከምድር ሊጠፋ ይችላል ሲሉት ቶሎ አይዋጥለትም።

ጅብ ግን ሰው በተጠጋው ቁጥር የሚበላው ያገኛል። ቀይ ቀበሮ ሰው ሲጠጋው ነው የሚያልቀው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ ያውም የሚኖረው ከ3000 ሜትር ከፍታ በላይ ነው። ለመውለድ የደረሱት ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም። ከግማሽ የሚበልጡት ባሌ ተራሮች ላይ ናቸው፤ የቀሩት በሰሜን ተራሮች፣ በወሎ፣ በመንዝ ጓሳና በአርሲ ተበታትነዋል። ጎጃም ጮቄ ተራራ ላይ የነበሩት ጠፍተዋል። ይሄ ያመኛል።

ባሌ ተራሮች ውስጥ ሳነቴ በሚባለው ከፍታ ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ብርዱ አጥንት ይሰረስራል። እሱ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሟል፦ ቀይ ፀጉር፣ ነጭ ጉሮሮ፣ ረጃጅም ቀጫጭን እግሮች፣ ጫፉ የጠቆረ ጭራ። ጆሮውን ወደ መሬት ቀስሮ ንቅንቅ አይልም። ፍልፈሉ ብቅ ሲል ዘሎ ሰፈረበት። ሲያድን ብቻውን ነው፤ ሲመሽ ግን ቤተሰቡ ተሰብስቦ እየተሻሸ ይገናኛል። ብዙ ጊዜ የምትወልደው አንዷ ናት፤ ቡችሎቹን ግን ሁሉም ተጋግዞ ያሳድጋል።

ጉዳቱም የሚመጣው በዚሁ መዋደዳቸው ነው። ከከብት ጋር ወደ ተራራው የወጣ አንድ ያበደ ውሻ አንዱን ከነከሰ፣ በሽታው ቤተሰቡን ያዳርሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙዎቹን ፈጅቷል፤ ከዚያም ወዲህ ተመላልሷል። እርሻውም ዓመት በዓመት ሽቅብ እየወጣ መሬቱን ያጠብባቸዋል።

ደግነቱ ዝም ብሎ ያየ የለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በየመንደሩ ውሾችን ይከትባል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ቀበሮዎቹን ራሳቸውን መከተብ ጀመሩ። መርፌ የለም። ክትባቱን በትንሽ ከረጢት አድርገው የፍየል ሥጋ ውስጥ ይደብቁታል፤ ቀበሮው ሲነክሰው ይፈነዳና አፉ ውስጥ ይገባል። አባትና እናት ከተረፉ ቤተሰቡ አይበተንም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሰሜን ተራሮች ላይ እግሩ በጥይት የተሰበረ ቀበሮ አክመው ለቀቁት፤ ስሙንም ተረፈ አሉት። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ደስታዬ ወደር የለውም።

የሀረር ውሻ ሳነቴ እንደማይደርስ አውቃለሁ። በሽታው ግን ያው ነው፤ እዚህም ሕፃናት በውሻ ይነከሳሉ። የባሌ እረኛ በዚያ ብርድ ውሻውን ጎትቶ ካስከተበ፣ እኛ ክሊኒክ አጠገባችን እያለ ምን ያቅተናል? ታናሽ እህቴ የሰፈሩን ልጆች አሳምናለች፤ ቅዳሜ ውሾቹን ይዘን አብረን እንሄዳለን።