ገና ያልተጻፈ ቃለ ጉባኤ ላይ ፈርሜያለሁ

በሚያዝያ 2005 በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ በአማራ ክልል የአንዲት አነስተኛ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆንኩ። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ የሚያውቋት ያውቋታል። ያኔ መምህር ነበርኩ። እስከዚያ ድረስ ምክር ቤት ማለት ለእኔ በዓመት ጥቂት ቀን የሚከፈት፣ በሌላው ጊዜ ወንበር የሚከመርበት አዳራሽ ነበር።

መመረጡ አልከበደኝም። ከሠላሳ በላይ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ራሳቸውን ከምርጫው አግልለው ስለነበር በእኛ ቀበሌ ተፎካካሪ የሚባል ሰው አላየሁም። በገዢው ግንባር በኩል ቀረብኩ፣ ተመረጥኩ፣ ማልኩ። በዚህ አልኮራም፤ ያልሮጥኩትን ሩጫ አሸነፍኩ ማለት ነው።

አወቃቀሩን በአጭሩ ልናገር፤ እኔ በወጉ የተረዳሁት በሁለተኛው ዓመቴ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ላይ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል፤ ዝርዝሩ የክልሎች ነው። በእኛ ዘንድ ሕዝቡ ምክር ቤቱን ይመርጣል። ምክር ቤቱ ከአባላቱ መካከል አፈ ጉባኤና ከንቲባ ይሰይማል፤ ከንቲባው ደግሞ የየጽሕፈት ቤቱን ኃላፊዎች አቅርቦ ሹመታቸውን ያስጸድቃል። ከዚህ ሁሉ ጎን የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ አለ። እሱን ማንም አልመረጠውም፤ የተሾመ ባለሙያ ነው። ቄራው፣ ቆሻሻው፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዱ፣ የግንባታ ፈቃዱ በእሱ እጅ ነው። የከተማው ሰው ሁሉ ከንቲባውን ያማርራል፤ ቦይ የሚያስቆፍረው ግን ሥራ አስኪያጁ ነው። እኔም ይህን ሳላውቅ አንድ ዓመት ሙሉ የተሳሳተ በር ሳንኳኳ ከረምኩ።

ገንዘቡም ሁለት ኪስ አለው። ከክልል በድጎማ የሚመጣው አብዛኛው ደመወዝ ሆኖ ያልቃል። ለቦይና ለመንገድ ጠጠር የሚተርፈው ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ከኪራይ፣ ከሊዝና ከአገልግሎት ክፍያ የሚሰበስበው ነው። ስለዚህ «በጀት የለም» የሚል ኃላፊ ሲገጥማችሁ «የቱ በጀት?» ብላችሁ ጠይቁ። ፊቱ ይለዋወጣል።

እኔ የያዝኩት ጉዳይ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ነበር። ከገበያው በላይ ያለው መንደር ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው በመሐል ያልፍበታል። ጠላ በመሸጥ የሚተዳደሩ አንዲት እናት አሉ፤ ደጃፋቸው ላይ የአሸዋ ጆንያ ደርድረው ክረምቱን ይጠብቃሉ። በምርጫው ሰሞን እሳቸው ቤት ተቀምጬ «እማማ፣ ይህን ቦይ አስቆፍራለሁ» ብያለሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ያለችኝ አንድ ብርጭቆ ጠላ ነበረች።

የበጀት ጉባኤው በሐምሌ ነበር። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ነገሩ ሁሉ ጥድፊያ ነው። ሰነዱን የሰጡን ጠዋት አዳራሹ በር ላይ ነው፤ ገና ከማባዣው የወጣ፣ ሙቀቱ ያልበረደ ወረቀት። መቼ ይነበባል? በዚያ ላይ ከዋዜማው በፓርቲው ስብሰባ «ተወያይተን ተግባብተናል»። የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ከፊሎቹ ራሳቸው የምክር ቤት አባላት ናቸው፤ ጠዋት ሪፖርት ያቀርባሉ፣ ከሰዓት በኋላ እጃቸውን አውጥተው ሪፖርታቸውን ያጸድቃሉ። ተቆጣጣሪውና ቁጥጥር የሚደረግበት ሰው አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሥልጠና ላይ ይህን የነገረን የለም፤ የተነገረን «ሐሳባችሁን በጉባኤው በነፃነት አንሱ» የሚል ነው።

አነሳሁ። ለአሥር ደቂቃ ያህል ተናገርኩ። የእማማን የአሸዋ ጆንያ ጭምር ጠቀስኩ፤ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ አጨበጨበ። ከንቲባው «የመምህሩ አስተያየት ገንቢ ነው፣ ተቀብለነዋል» አሉ። ሥራ አስኪያጁ ራሱን ነቀነቀ። በጀቱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ እኔም እጄን አወጣሁ። ከዚያ ለሻይ ወጣን።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ስንወጣ በሩ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ተቀምጧል፤ በላዩ ሁለት ወረቀት አለ። አንደኛው የአበል መቀበያ ነው። ሁለተኛው ተራ ቁጥር፣ ስምና ፊርማ የሚል ሠንጠረዥ ብቻ ያለበት፣ ከላዩ ምንም ያልተጻፈበት ገጽ። አንዲት እስክሪብቶ በክር ከጠረጴዛው እግር ጋር ታስራለች፤ ክሩ አጭር ስለሆነ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይፈርማል። «ይህ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። «ለቃለ ጉባኤው ነው፣ በኋላ ይያያዛል» አለኝ የሚያስፈርመው ልጅ። ከኋላዬ ሰልፉ ረዝሟል። ጎንበስ አልኩና በ17ኛው ተራ ላይ ፈረምኩ። ተማሪዎቼን ባዶ የመልስ ወረቀት ላይ ስማችሁን ጽፋችሁ አታስረክቡ እያልኩ የምቆጣ ሰው ነኝ።

ያ ዓመት አለፈ፤ ቦይ የለም። በቀጣዩ ነሐሴ ውሃው ጆንያውን ጥሶ እማማ ቤት ገባ። ስደርስ የጠላ ጋናቸውን ከጭቃ ውስጥ እያወጡ ነበር። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«መምህር፣ ልጄ፣ ተጽፏል ብለኸኝ አልነበረም?»

«ተጽፏል፣ እማማ።»

«እንግዲያ የጻፉበትን አሳያቸው።»

ወደ አፈ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ «ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ» አለችኝ። እኔ አባል ነኝ እኮ፣ የራሴን ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ነው የምጠይቀው ብል «መመሪያ ነው» አለች። ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን ቁልፍ የያዘው ሠራተኛ ለቅሶ ሄዷል ተባለ። በሳምንቱ መዝገቡ ወጣ። የአሥር ደቂቃ ንግግሬ፣ ጭብጨባውና የከንቲባው «ተቀብለነዋል» አንድ ዓረፍተ ነገር ሆነው ተቀምጠዋል፤ ከአባላት ልዩ ልዩ ገንቢ አስተያየቶች ተሰጥተው ማብራሪያ ከተሰጠባቸው በኋላ በጀቱ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል ይላል። ቦይ የሚል ቃል የለም። በሥሩ ግን በ17ኛው ተራ ላይ ፊርማዬ አምሮ ተቀምጧል። አፈ ጉባኤው ሻይ አስቀርበውልኝ «አንተም ፈርመሃል እኮ» አሉኝ፣ በለሰለሰ ድምፅ። መልስ አልነበረኝም። ሻዩንም ጠጣሁት።

የዚያን ሰሞን ንዴቴ በእሳቸው ላይ ነበር። አሁን ሳስበው ልጁም፣ አፈ ጉባኤውም የሠሩት ዘወትር የሚሠሩትን ነው። ሳያነብ የፈረመ እኔ ነኝ።

በቀጣዩ የበጀት ዙር የሠራሁትን ልናገር፤ ከሥልጠናው ጋር አይገጥምም። ጉባኤ ላይ ንግግር አታድርጉ። በጉባኤ የተነሳ ሐሳብ ይጨበጨብለታል እንጂ በጀት አይያዝለትም። ሥራው ያለው በቋሚ ኮሚቴ ውስጥ፣ ያውም ከጥር ጀምሮ ነው። እኔ የበጀትና ፋይናንስ ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ለመግባት ስብሰባ የማይወድ አንድ ባልደረባዬን ቦታ እንዲቀይረኝ ለመንኩት፤ ደስ ብሎት ለቀቀልኝ። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄጄ የቦዩን ግምት በባለሙያ አስወጣሁ፤ ርዝመቱ፣ ድንጋዩ፣ ሲሚንቶው፣ ዋጋው። ቁጥር የሌለው ጥያቄ አስተያየት ነው፤ ቁጥር ያለው ደግሞ የበጀት ርዕስ ይሆናል። ጥያቄውን በደብዳቤ አስገባሁ፣ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም አስመታሁ። ማኅተሙን የያዘችው ሠራተኛ «ለአባልም ማኅተም?» ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ።

ሌላም አለ። መራጮችን በየሩብ ዓመቱ አወያዩ ይላሉ፤ እኔ የምለው በግንቦት ሰብስቧቸው ነው፣ በጀቱ ሳይዘጋ። በመስከረም የሰበሰባችሁት ሕዝብ ቅሬታውን ተናግሮ ይበተናል። በሐምሌው ጉባኤ ደግሞ የቦዩ ግምት በግማሽ ተቆርጦ ሲመጣ እጄን አላወጣሁም፤ «ተቃውሞ አንድ» ተብሎ እንዲመዘገብ ጠየቅኩ፣ እስኪጻፍ ቆሜ ጠበቅኩ፣ ያለቀውን ገጽ አንብቤ ፈረምኩ። አበሌን የተቀበልኩት ከሁሉም መጨረሻ ነው። ለሳምንታት በሻይ ቤት «ተቃውሞ አንድ» ተብዬ ተጠራሁ፤ ይህን እንኳን በኩራት እናገራለሁ።

ቦዩ በግማሽ ተሠራ። ከላይ ጀምሮ ይመጣና ከእማማ ቤት ሁለት ቤት ሲቀረው ይቆማል። ውሃው አሁን የሚገባው ጎረቤታቸው ቤት ነው። ጎረቤትየው ሰላምታ ነስተውኛል፤ እማማ ግን ለእሳቸው ጆንያ አውሰዋል።

ሌላው የሚቆጨኝ ለእማማ ያልነገርኳቸው ነገር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል ይላል። እኔን ማንሳት ይችሉ ነበር። በምርጫው ሰሞን ስንቱን ስነግራቸው ይህን አልነገርኳቸውም።

የሥራ ዘመናችን አምስት ዓመት ነበርና በ2010 ማብቃት ነበረበት፤ የአካባቢ ምርጫው ተራዘመና ቀጠልን። በ2013 አገር አቀፍ ምርጫ ሲደረግ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የከተማ ምክር ቤታቸውን መረጡ፤ የእኛ ዓይነት ከተሞች ተራ አልደረሳቸውም። እኔ ከዚያ በፊት በዝውውር ወደ ሌላ ከተማ ሄጃለሁ። ስሄድ አባልነቴን መልቀቄን የሚገልጽ ደብዳቤ አስገብቻለሁ። መልስ አልመጣልኝም፤ ምናልባት እስካሁን በ17ኛው ተራ ላይ ስሜ ይኖር ይሆናል። የደብዳቤው ቅጂ ግን እጄ ላይ አለ፣ የገቢ ማኅተም ያረፈበት።