ዶሮዋ፣ ዘበኛውና እኔ

«ስዋሂሊ እኮ ቀላል ቋንቋ ነው» ብሎ ከአዲስ አበባ የሸኘኝን ጓደኛዬን አምጥቼ ለአንድ ቀን ብቻ በቢቢ ወጥ ቤት ደጃፍ ባቆመው ደስታዬ ነው። ቢቢ ናይሮቢ፣ ፓንጋኒ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት፣ የሞምባሳ ሰው ናቸው። የናይሮቢ ወጣት «ያን ዕቃ አምጣ» ለማለት «ሌታ ሂዮ ኪቱ» እያለ ሰዋስውን ሲረግጠው ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል።

በእሳቸው ቤት ዕቃ ሁሉ ወገን አለው። ማንኪያ ሲሆን «ኪሌቴ»፣ ሳህን ሲሆን «ኢሌቴ»፣ መጥረጊያ «ኡሌቴ»፣ ውሃ «ያሌቴ»። እኛ «አምጣው» ብለን የምንገላገለውን እሳቸው የዕቃውን ዘር ከግሱ ፊት ካልለጠፉ አይረኩም። ሰው ሲሆን ደግሞ «ምሌቴ» ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ።

ማጠብማ አይነሳ! ሳህን «ኦሻ»፣ ልብስ «ፉዋ»፣ እጅ «ናዋ»፣ ገላ «ኦጋ»። ለአንድ ሳሙና ይህ ሁሉ ግስ ምን ይሠራል? ያዘነልኝ ሰዓታቸው ብቻ ነው፤ «ሳ ታቱ» ሲሉኝ እንደ እኛው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው።

የዒድ ዕለት ሳሎኑ በእንግዳ ሞልቷል፤ ግቢው ፒላው ፒላው ይሸታል። የቢቢ ታላቅ ወንድም ጓሮ ተቀምጠው ቢላዋ ይስላሉ። ቢቢ ከጭሱ ውስጥ «ምሌቴ! ዩፖ ጌቲኒ!» ብለው ጮኹ። «በሩ ጋ አለ፣ አምጣው» ማለታቸው ነው። በሩ ጋ ማን አለ? ዘበኛው። ከወንበሩ እግር ጋር አንዲት ዶሮ ታስራ ነበር፤ ሰላምታ እንኳ አልሰጠኋትም። «ካሪቡ»፣ ግባ፣ አልኩት ዘበኛውን። ለምሳ የተጠራ መስሎት ቆቡን አስተካክሎ፣ እጁን ታጥቦ ተከተለኝ።

ጓሮ ስንደርስ ሽማግሌው ጀርባቸውን እንደሰጡን «ምሺኬ ሚጉ!» አሉ። እግሩን ያዘው! ታላቅ ሲያዝ አይመረመርም ተብሎ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ጎንበስ ብዬ የዘበኛውን ሁለት እግር አቀፍኩ። እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የላስቲክ ቦቲ ተጫምቷል። ሽማግሌው ቀጠሉ፦ «ምላዜ!» አስተኛው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ዘበኛው፣ ስዋሂሊን ከእናቱ የተማረው ሰው፣ ነገሩን ሁሉ ተረዳ። ቢላዋውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ሮጠ። ግራ ቦቲው ግን እኔ ዘንድ ቀረ። የዚያን ቦቲ ክብደት እስከ ዛሬ ክንዴ ያስታውሰዋል። እንደ ሕፃን ታቅፌው፣ ከውስጡ ሙቀት እየወጣ፣ እንግዶቹ አንድ በአንድ በመስኮት ብቅ ሲሉ እዚያው ቆሜአለሁ። አንዷ ልጅ ቦቲው ይታረድ እንደሆነ እናቷን ጠየቀች። ሽማግሌው ዞር ብለው ቦቲውን በዝምታ መረመሩት፤ ቢላዋውንም አስቀመጡ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው፦ በስዋሂሊ ነፍስ ያለው እንስሳ በሰዋስው ከሰው ጋር ይቆጠራል። ዶሮም «ምሌቴ» ናት። ይህን ለመጤ ሰው ቀድሞ መንገር ምን ይከብዳል? ይባስ ብሎ ቢቢ እኔን የሚጠሩኝ «ኪጃና» እያሉ ነው፤ ወጣት ማለታቸው ነው፣ ግን ቃሉ እንደ ማንኪያውና እንደ ወንበሩ በ«ኪ» ይጀምራል። ዶሮዋ የሰው ወግ ደርሷት እኔ ከማንኪያ ጋር ተሰልፌአለሁ።

ዘበኛው በብዙ ልመና ከጎረቤት ግቢ ተመለሰ። ምሳ ሲቀርብ ለድንጋጤው የዶሮዋ ጭን ተሰጠው፤ እየበላም ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። ለእኔ ክንፍ እንኳ አልተረፈም። ቢቢ ወደ ሳህኑና ብርጭቆው ክምር በአገጫቸው እያመለከቱ «ቪዮሼ»፣ እጠባቸው፣ አሉኝ። ይህችኛዋ ምንም አላሻማችኝም።