ኢሊያድን በሶስተኛው ሙከራ እንዴት ጨረስኩት

ኢሊያድን፣ የጥንቱ ግሪካዊ ሆሜር ስለ ትሮይ ጦርነት የገጠመውን ረጅም ግጥም፣ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው ያቆምኩት፣ ሁለተኛው ክፍል ላይ፣ መርከብ ይዘው የመጡት ሁሉ በየአገራቸው የሚቆጠሩበት ጋ። የጦርነት ታሪክ ነው ብዬ ስለገባሁ ማን ማንን ገደለ እያልኩ ነበር የምከተለው፣ ሟቹ ደሞ ብዙ ነው ስሙም አይያዝም፣ በቃ ይደክማል። በሶስተኛው ግን ደብተር ይዤ አንድ ነገር ብቻ ልጽፍ ወሰንኩ፣ ማን ማንን ለመነ፣ ምን ተመለሰለት፣ ከዛስ ምን መጣ። በዚህ መንገድ 24ቱንም ክፍል ጨረስኩ።

ገና ሲጀምር ልመና ነው። ክሪሴስ የሚባል የአምላካቸው የአፖሎ ካህን የተማረከች ልጁን ሊያስለቅቅ ቤዛ ይዞ ግሪኮቹ ሰፈር ይመጣል፣ ሌሎቹ በሙሉ ካህኑን እናክብር ቤዛውንም እንቀበል ይላሉ፣ ልጅቷ የደረሰችው የጦሩ አለቃ አጋሜምኖን ብቻ አዋርዶ ያባርረዋል። ከዛ 9 ቀን ሙሉ መቅሰፍት ሰፈሩን ይፈጀዋል። ልጅቷን መመለስ ግድ ሲሆንበት ደሞ በምትኳ ብሪሴይስ የምትባለውን ምርኮኛ ከትልቁ ተዋጊያቸው ከአኪለስ ይነጥቃል፣ አኪለስም ተቆጥቶ ከውጊያው ይወጣል። እኔ ድሮ በሴት የተጣሉ ነበር የመሰለኝ። ነገሩ ግን ስለ ቲሜ ነው፣ ክብር ማለት ነው፣ ግን በልብ የሚያዝ ሳይሆን ሰው ፊት በሚታይ ነገር የሚለካ ክብር፣ ከምርኮው የሚደርስህ ድርሻ ራሱ ክብርህ ነው፣ ስለዚ ድርሻህን በአደባባይ የቀማህ ሰው አንተ ከሰው አትቆጠርም ብሎሃል። ይሄ ከገባኝ በኋላ የአኪለስ ንዴት ኩርፊያ መምሰሉ ቀረ።

ዘጠነኛው ክፍል ላይ አንድ ሳምንት ቆየሁ። ወደ ውጊያው እንዲመለስ ሽማግሌ ተልኮ አኪለስ የሚለመንበት ነው። አጋሜምኖን 10 መክሊት ወርቅ፣ 12 ፈረስ፣ 7 ከተማ፣ ሌላም ብዙ ነገር እሰጣለሁ ይላል፣ ከተላኩት አንዱ አያክስ ደሞ ሰው ኮ ወንድሙም ልጁም ተገድሎበት የደም ካሳ ይቀበላል፣ ገዳዩም ከፍሎ አገሩ ላይ ይኖራል፣ አንተ ምን ሆነህ ነው ይለዋል። እዚህ ጋ ነው ትልቁን ነገር የተማርኩት። ሆሜር የሚደጋግመውን ስዘል ነበር፣ ዜማ ለመሙላት እየመሰለኝ። ጎን ለጎን አድርጌ ሳነበው ግን ሌላው ተላኪ ኦዲሴየስ ስጦታውን ቃል በቃል ሲያደርስ አንድ ነገር ይዘላል፣ አጋሜምኖን መጨረሻ ላይ ይገዛልኝ፣ እኔ የበለጥኩ ንጉስ ነኝ ያላትን። ስጦታው ሙሉ ነው፣ ይቅርታው ግን የለበትም፣ አኪለስም ሳይነገረው የገባው ይመስለኛል። ስለዚ የተደገመ ነገር ስታገኙ አትዝለሉት፣ የጎደለውን ፈልጉ።

ብሪሴይስ ራሷ በዛ ሁሉ ግጥም የምትናገረው አንዴ ብቻ ነው፣ 19ኛው ክፍል ላይ የአኪለስ የቅርብ ጓደኛ ፓትሮክለስ ሞቶ ስታለቅስ። ባሏን የገደለባት አኪለስ እንደሆነ፣ ሶስት ወንድሞቿም እንዳለቁ ያኔ ነው የምንሰማው። የነሱ ዘመን ሚዛን ነው ብዬ ላልፈው ሞክሬ አልቻልኩም፣ ክብራቸው የሚለካው በሷ ላይ ነው፣ እሷን ግን ማንም አልጠየቃትም።

ሌላው ግሪኮቹ አይዶስ የሚሉት ነገር ነው። እፍረት ነው ወይስ አክብሮት እያልኩ ስቸገር ነበር፣ ይሉኝታ ስለው ግን ቁልጭ አለልኝ። ፓትሮክለስን የገደለው የትሮይ ንጉስ ልጅ ሄክቶር፣ አኪለስ ሲመጣበት፣ ከከተማው በር ውጪ ብቻውን ቆሞ አባቱና እናቱ ከግንቡ ላይ ሆነው ግባ እያሉ ይለምኑታል፣ እናቱ ያጠባችውን ጡት አውጥታ በዚህ ይዤሃለሁ ትለዋለች። እሱ ግን ህዝቡን ያስጨረስኩት እኔ ነኝ፣ አሁን ብገባ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ይቀራል። የሞተው በይሉኝታ ነው። ገዳዩ አኪለስ ደሞ ሬሳውን እየጎተተ ሲያንገላታ አፖሎ የሚከሰው ርህራሄም ይሉኝታም የለውም ብሎ ነው።

የመጨረሻውን ክፍል ለእማዬ በአማርኛ እየመለስኩ ነው ያነበብኩላት። የሄክቶር አባት ፕሪያም በሌሊት የልጁን ሬሳ ሊለምን ገዳዩ ድንኳን ይገባል፣ ጉልበቱን ይይዛል፣ ልጆቹን የገደሉትን እጆች ይስማል፣ ከዛ አኪለስ የሽማግሌውን እጅ ይዞ ቀስ አድርጎ ገፋ ያደርገዋል፣ ሁለቱም በየሟቻቸው ያለቅሳሉ። እማዬ ዝም ብላ ሰምታ "እሺ ሽማግሌው በላ?" አለችኝ። እኔ ለሬሳው ስጓጓ ምግቡን ብዙም ልብ አላልኩትም። ወረድ ስል ግን አኪለስ 12 ልጆቿ ያለቁባት ኒዮቤ እንኳን እህል ቀመሰች ብሎ ይለምነዋል፣ በግ አርዶም ያበላዋል። "እዝን ነዋ" አለች። ደብተሬ ላይ የመጨረሻው ልመና ብዬ የፕሪያምን ነበር የጻፍኩት፣ ሰርዤ የአኪለስን ጻፍኩ፣ ብላልኝ የሚለውን።

አሁን ከእማዬ ጋር ኦዲሲን፣ ኦዲሴየስ ወደ አገሩ ስለሚመለስበት የሆሜርን ሌላ ግጥም፣ ጀምረናል፣ ደብተሩም ላይ አዲስ አምድ ጨምሬያለሁ፣ እንግዳው ስሙን የተጠየቀው ሳይበላ ነው ወይስ በልቶ። የኦዲሴየስ ልጅ ቴሌማኮስም፣ ንጉሱ ኔስቶርም መጀመሪያ አብልተው ነው የጠየቁት፣ ሌላው ንጉስ ሜኔላዎስም መጀመሪያ ብሉ፣ ከዛ እነማን እንደሆናችሁ እንጠይቃችኋለን ነው ያለው። ትላንት ባለ አንድ ዓይኑ ግዙፍ ሳይክሎፕስ ዋሻ ደረስን፣ እሱ ገና እንዳያቸው ነው እናንተ እነማን ናችሁ ያለው።