እስክንድርያ፣ አፈራችን የደረሰበት ዳርቻ

እስክንድርያ የሄድኩት ለዘመናት ጳጳስ ይላክልን የነበረበትን መንበረ ማርቆስ ለማየት ነበር። አይቼ ተሳለምኩ። ቀልቤን የወሰደው ግን ባሕሩ ነው።

የቃይትባይ ምሽግ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታነጸው የጥንቱ የፋሮስ መብራት ማማ በቆመበት ቦታ ላይ ነው። ግንቡን ከማዕበል ለመጠበቅ የኮንክሪት ብሎክ በገፍ ባሕሩ ውስጥ ተከምሯል። ሞገዱ በብሎኮቹ መካከል ገብቶ ያጓራል፤ ፍንጣቂው ሲደርቅ ድንጋዩ ላይ ነጭ ጨው ይጋግራል። ቅርስ መጠበቁ ደግ ነው። የሰው ቤትስ?

ከከተማዋ በስተምዕራብ ኤል ማክስ የሚባል የዓሣ አጥማጆች ሰፈር አለ። ቤቶቹ ቦይ ዳር ስለነበሩ ጀልባ የሚታሰረው ደጃፍ ላይ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ ጎርፍ ያስቸገራቸውን ቤተሰቦች መንግሥት በአቅራቢያው ወደ ሠራው ፎቅ አዛውሯቸዋል። መረብ ሲጠግኑ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት፣ አስጎብኚዬ እየተረጎመልኝ፣ በብርዱ ወራት የሚነሱትን ማዕበሎች በየስማቸው ቆጠሩልኝ። የኅዳሩ «መክነሳ» ይባላል፣ መጥረጊያ ማለት ነው። ቀድሞ ቀናቸውን ጠብቀው ይመጡ ነበር፤ አሁን ግን ቀጠሮ አያከብሩም አሉኝ። አዲሱ ቤታቸው ደረቅ ነው፣ ይህን አልካዱም። ግን ከፎቅ ላይ ሆኖ ጀልባ መጠበቅ እንዴት ይቻላል?

ዓለም ሲሞቅ የባሕር ውሃ ይሰፋል፣ የበረዶ ግግርም ይቀልጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 ድረስ የዓለም ባሕር በአማካይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። እዚህ ደግሞ መሬቱም ይሰምጣል። የናይል ዴልታ፣ ወንዙ ባሕር ሲገባ የዘረጋው ሜዳ፣ የተሠራው በአብዛኛው ከእኛ ደጋ ታጥቦ በወረደ አፈር ነው። አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን፤ ለአፈሩ ግን ማደሪያው ይህ ነበር። የአስዋን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲጠናቀቅ ደለሉ ከግድቡ ኋላ ቀረ፤ ከናይል አፎች አንዱ ባለበት በራሺድ በኩል ባሕሩ በኪሎ ሜትር የሚቆጠር ዳርቻ በልቷል። እኛ አፈሩ ታጥቦ ሄደብን ብለን እናዝናለን፤ እነርሱ ቀረብን ብለው ያዝናሉ። በውሃው ስንነታረክ ይህን የጋራ ሐዘን አንስተን አለማውራታችን ያስቆጨኛል።

ከሁሉ የከበደኝ ዓይን የማያየው ነው። ጨዋማው ውሃ ከምድር በታች ወደ ሕንጻዎቹ መሠረት ይዘልቃል፤ ብረቱን ያዝጋል፣ ሲሚንቶውን ይበላል። በከተማዋ አሮጌ ሕንጻዎች በየጊዜው ይደረመሳሉ። ኪራይ የሚረክሰውም እነዚያ ውስጥ ስለሆነ፣ ድሃው የግድግዳውን መሰንጠቅ እያየ ይገባል።