የቀበሌውን መዝገብ የጠየቀችው አክስቴ

ጅማ ውስጥ ስለ ድሮ አስተዳደር ሲወራ ወሬው ቶሎ ወደ ጅሬን ቤተ መንግሥትና ወደ ንጉሡ አባ ጅፋር ይሄዳል። ደስ የሚል ታሪክ ነው። እኔ ግን ዛሬ ማንሳት የፈለግኩት ከጅማው መርካቶ ብዙም የማይርቅ አንድ የቀበሌ አዳራሽና እዚያ ኮሚቴ ውስጥ የገባች አንዲት ሴት ነው። አክስቴ ናት። በእኛ ቀበሌ ከወንዶቹ ጋር በሥራ አስፈጻሚነት የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ነበረች። ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ይላታል፤ እኔም እንደዚያው ልበላት።

እትዬ ቡና ለቃሚ ነበረች። ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ከሴቶች ጋር ተደርድራ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው ትለያለች። የለቃሚዎቹን እቁብ የምትሰበስበውም እሷ ነበረች። ፊደል አትቆጥርም ነበር፤ ግን ማን እንደከፈለ፣ ማን እንደወሰደ፣ ማን እንደቀረው ሁሉንም በቃሏ ትይዝ ነበር። በ1971 ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ጋር ተመዘገበች። ፊደሉን እንደለየች መጀመሪያ የጻፈችው የእቁብተኞቹን ስም ነው።

በ1972 የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማህበር ሲቋቋም በቀበሌያችን ሊቀመንበር አደረጓት። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ለቀበሌው ኮሚቴ ተጠቆመች። በአገር ደረጃ የሴቶች መመረጥ አዲስ ነገር አልነበረም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት መብቱን ሰጥቶ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ፓርላማ ገብተዋል። ግን ፓርላማው አዲስ አበባ ነው። ስኳሩ፣ ውሃውና የቤት ኪራዩ ያለው ቀበሌ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሴት የምትጠራው ስብሰባ ሲኖር ቡና እንድታፈላ ነበር።

እሷም ጀበናውን ይዛ እንድትመጣ ጠብቀዋት ነበር መሰለኝ። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የኅብረት ሱቁን መዝገብ ጠየቀች። «ምን ታደርጊበታለሽ?» አሏት። «አነበዋለሁ» አለች። ይኸው ነው። ይህን ዛሬም ሰፈሩ ውስጥ የሚያወሩት አሉ።

ያኔ ስኳርና ሳሙና በኩፖን ነው። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ዘንቢል ይዤ ሰልፍ እላካለሁ። አንድ ቀን ሱቁ ደጃፍ ቆመን እያለ እትዬ መጣች። ሻጩን ሚዛኑን ባዶውን እንዲያሳያት ነገረችው። ሳህኑ ላይ ምንም የለም፤ ግን በአንድ በኩል ዘቀዘቀ። ሰልፉ ጸጥ አለ። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። «አስተካክለውና ጀምር፤ እኔ እዚሁ ነኝ» አለችው። ከዚያ በርጩማ አስመጥታ የመጨረሻዋ ሴትዮ እስክትወስድ ድረስ ተቀመጠች። ስኳር በመጣ ቁጥር እንደዚያ ታደርግ ነበር።

ቃለ ጉባኤ ሳይነበብ አትፈርምም። ስብሰባው በአማርኛ ነው የሚካሄደው፤ ከኋላ የሚቀመጡት ብዙዎቹ አዴዎች፣ የኦሮሞ እናቶች፣ ግን የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ ይቸግራቸዋል። እትዬ ሁለቱንም አቀላጥፋ ትናገራለች። ዞር ትልና የተባለውን በኦሮምኛ ትነግራቸዋለች፤ የሚሉትንም መልሳ ለመድረኩ ትናገራለች። ሊቀመንበሩ ሰዓት ሄደ እያለ ይነጫነጭ ነበር አሉ። የቦኖው ሰዓት የተቀየረው ግን በዚህ ነው። ውሃው የሚከፈተው ረፋድ ላይ ነበር፤ ለቃሚዎቹ መጋዘን ከገቡ በኋላ። አንዲት አዴ ይህንን ተናገሩ፣ እትዬ ተረጎመች፣ ቦኖውም በማለዳ እንዲከፈት ተወሰነ።

ከሁሉ በላይ የማከብርላት ግን የቤቱን ጉዳይ ነው። በሐምሌ 1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤት ሲወረስ አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች ወደ ቀበሌ ዞረዋል። በእኛ ቀበሌ ውሉ የሚጻፈው በባልየው ስም ነበር። አንድ ጎረቤታችን ሚስቱን ፈትቶ ሌላ አገባና ቤቱን ልቀቂ አላት። ሦስት ልጆች አሏት። ውሉ በስሙ ስለሆነ ሕጉ ከእኔ ጋር ነው ይላል። እትዬ ሴትየዋን የኪራይ ካርኒዎቹን ሰብስባ እንድትመጣ አደረገቻት። በጨርቅ ተቋጥረው መጡ። በየወሩ የከፈለችው እሷ እንደነበረች ገንዘብ ያዡ ራሱ መሰከረ። ሴትየዋ ከነልጆቿ እዚያው ቀረች። እትዬ በዚህ አላበቃችም፤ ከዚያ በኋላ በቀበሌያችን የቤት ፋይል ላይ የሚስትም ስም እንዲጻፍ ተከራክራ አስወሰነች።

የዚያ ዘመን ቀበሌ ለብዙ ሰው የፍርሃት ስም እንደሆነ አውቃለሁ። በቀይ ሽብር ልጁን ያጣ ቤተሰብ ስለ ቀበሌ መልካም ነገር እንዲያወራ አልጠብቅም፤ ልጠብቅም አይገባም። እሷ የገባችው ያ ካለፈ በኋላ ነው፤ ቢሆንም በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ከሌሎቹ ጋር ተደምራ «የደርግ ኮሚቴ» ተባለች። መልስ አልሰጠችም። ወደ እቁቧና ወደ ሴቶች እድሯ ተመለሰች።

በ2000 የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት መቀመጫ 300 ሲደርስ ብዙ ሴቶች ገቡ። ደስ ይላታል ብዬ ሮጬ ሄጄ ነገርኳት። ደስም አላት። ቀጥላ ግን «ሂሳቡን የሚመረምረው ኮሚቴ ውስጥስ ስንቶቹ አሉ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ከተመረጡት አንዷን፣ የጎረቤታችንን ልጅ፣ አስጠራቻትና እስኪመሽ አብረው ተቀመጡ። ልጅቷ በሚቀጥለው ስብሰባ የቀበሌውን የገቢ መዝገብ እንደጠየቀች ሰማሁ። አሳዩዋት።