የሐምሌ ገብርኤል ዋዜማ

ይህን ልጽፍ ስንት ጊዜ ተቀምጬ ተነሣሁ። ስለቴ ጥላ ብቻ አልነበረም፤ «በሰው ፊት እመሰክራለሁ» ብዬም ነበር። ጥላውን አስገብቻለሁ፤ የቀረውን ዕዳዬን ልክፈል።

ፊልሜን በጥር 2011 ዓ.ም. አንኮበር ላይ በ23 ቀን ቀረጽነው። ስፖንሰር የለም፤ ካሜራው የኪራይ፣ ምሳችን የመንደሩ እናቶች ሽሮ። (እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ያን ብርድ ያስረሱን እነሱ ናቸው።) እናቴ የአንገቷን ወርቅ ሸጣ ሰጠችኝ። ሜሞሪ ካርዳችን አራት ብቻ ስለነበር ማታ ማታ ወደ አንድ ሃርድ ዲስክ እየገለበጥን ካርዱን እናጠፋ ነበር። ለሁለተኛ ዲስክ የተያዘው ብር ለጀነሬተር ነዳጅ ወጣ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማንንም አልከስም።

ሐምሌ 18 ሌሊት። ገርጂ በተከራየኋት ክፍል ብቻዬን ኤዲት አደርጋለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ሻማ ስፈልግ ተመልሶ መጣ፤ አመጣጡ ግን ሌላ ነበር። አምፖሉ ቦግ ብሎ ነጣ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ላፕቶፑ በባትሪው ተረፈ። ዲስኩ ጸጥ። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ያ የለመድኩት ዝዝታ የለም። ገመድ ቀየርኩ፤ ጸጥ። ሌላ ሶኬት ላይ ሰካሁ፤ ጸጥ። እንደታመመ ሕፃን አቅፌው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያልኩ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። 41 ልሞላ ነው። 17 ላይ ስደርስ የእናቴ ባዶ አንገት ድቅን አለብኝና ቆጠራው ጠፋኝ። ያኔ ተቆጣሁ፤ አልደብቀውም። «አንተም እንደ ፕሮዲውሰሮቹ ነህ! ደጅ ታስጠናለህ፣ ትሰማለህ፣ መልስ ግን የለህም!» ብዬ ጮኽኩበት። ጎረቤቴ ግድግዳውን መታች። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ቀጠልኩ፤ ስድቡ ሲያልቅብኝ አፌ ላይ የመጣው የዳዊት ቃል ነበር። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ለካ ይህ ቁጣ ከእኔ በፊትም ተጸልዮበታል። አለቀስኩ። ጥላውን የተሳልኩት እዚያው መሬት ላይ ነው።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስልኬ ጮኸ። እማዬ ናት፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ። «እንኳን ለገብርኤል አደረሰሽ ልጄ። ቂርቆስንና ኢየሉጣን ከፈላ ውኃ ያወጣ የአንቺንም ሥራ ያውጣልሽ።» ምንም አልነገርኳትም እኮ!

ሲነጋ ሦስት ጥገና ቤት ዞርኩ፤ ሦስቱም «አልቆለታል» አሉኝ። አራተኛው መርካቶ ያለ ልጅ ነው። ጀርባውን ፈታና የጠቆረች ቦታ አሳየኝ። «የተቃጠለው ቦርዱ ነው፤ ዳታው ያለበት ሳህን አልተነካም። የዚሁ ሞዴል ሌላ ዲስክ አምጪልኝ። ቦርዱን እቀይርልሻለሁ፤ ይቺን ቺፕ ግን ከድሮው ነቅዬ አዲሱ ላይ መበየድ አለብኝ» አለኝ።

ፍለጋው እስከ ኅዳር ፈጀ። ያገኘችው ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራው አክስቴ ናት፤ በዕረፍት ቀኗ የሞዴሉን ቁጥር በወረቀት ይዛ አሮጌ ዕቃ ሻጮች ጋ እየዞረች። አክስቴ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው።

ልጁ «ቢስሚላህ» ብሎ ሰካው። ዝዝ አለ! እሱ «አልሐምዱሊላህ» ሲል እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት፤ የሱቁ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የእጁን ዋጋ አልቀበልም አለ። የጎደለው አንድ ፋይል ብቻ ነው፤ እኔ ራሴ የተወንኩበት። (እሱንም አውቆ ነው፤ ትወናዬ አያስመሰግንም ነበር።)

ለፋሲካ ልናሳይ ስንዘጋጅ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ፤ አዳራሾች ተዘጉ። ሁለት ዓመት ጠበቅን። በዚህኛው አልተቆጣሁም።

በ2014 ዓ.ም. እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሲኒማ ቤት ገብታ አታውቅም። አዳራሹ ሲጨልም እጄን ጭምቅ አደረገችው።

«ውይ! መብራት ሄደ እንዴ?»

«አይ እማዬ፣ ሊጀምር ነው።»